የሐጃ ሩቅያ ዘይቱን

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያው አጥር ጥግ ጥላ ፈልጌ ቆሜ ባጃጅ እጠብቃለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ ትንሽ ከቆምኩ ይቆረጥመኛል። የከሚሴ ባጃጆች ደግሞ አሮጊት ሲያዩ ነዳጅ ይጨምራሉ እንጂ አይቆሙም። እንዲህ እየተነጫነጭኩ ሳለ ነፋስ መጣና ከላዬ ካለው ዛፍ ሽታ አወረደብኝ፤ ማር ማር የሚል፣ ግን ከማር የሳሳ። ቀና ብል ኒሙ አብቧል። ያቺ ደቃቅ ነጭ አበባው ሻሼ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ ትረግፋለች። በቃ፣ እዚያው ፈዝዤ ቀረሁ። አንዱ ባጃጅ ጭራሽ ራሱ ቆሞ «እማማ፣ ይግቡ እንጂ» ቢለኝ «ሂድ ልጄ፣ ሂድ» አልኩት። ዓመት ሙሉ ስረግመው የኖርኩት ባጃጅ ቢቆምልኝ እኔ እምቢ አልኩ። አክስቴ ሐጃ ሩቅያ ትዝ ብላኝ ነዋ!

አክስቴ ስል እናቴ በሉት። እናቴ ገና ጡት ሳልጥል ብትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ፣ የዳረችኝ፣ ከዳረችኝም በኋላ ከአጥሯ ጎን ጎጆ ቀልሳ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ሱቋ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ የደሴ መኪኖች ጎማ ከሚያስነፉበት ጥግ አጠገብ ነበር። ሱቅ ስላችሁ የዛሬውን መስታወት በመስታወት የሆነውን እንዳታስቡ። ሁለት የቆርቆሮ መዝጊያ፣ አንድ ረጅም የእንጨት ባንኮ፣ ከጀርባው እስከ ጣሪያው የተደረደረ ጣቃ፤ ይኸው ነው። ቴትሮኑ በአንድ ወገን፣ ሽፎኑ በአንድ ወገን፣ ለአባወራው ሽርጥ፣ ለሙሽራ ደግሞ ያ ወዲህ ሲያዩት አረንጓዴ ወዲያ ሲያዩት ወርቅማ የሚሆነው ጨርቅ። ስሙ ጠፋኝ። እሱን ያልለበሰች ሙሽራ ግን ያገባች አይመስላትም ነበር። ከፊት ለፊት ሻይ ቤቱ ከጠዋት እስከ ማታ በቴፑ መንዙማ ይለቃል። ሻይ በስሙኒ፣ ፓስቲው ገና ዘይቱ ሳይንጠፈጠፍ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይመጣል። ዛሬ እዚያ ሻይ ቤት ቦታ ላይ የሞባይል መሸጫ ተከፍቷል፤ ዘፈኑ ጆሮ ይበጥሳል፣ ፓስቲ የለ፣ ምን የለ።

አክስቴ ስትሸጥ ማየት ራሱ ያጠግብ ነበር። ከጨፋ ሮቢት የመጣ ገበሬ በኦሮምኛ ሲከራከራት በኦሮምኛ ትመልስለታለች፣ መሐል ላይ አማርኛው ይገባል፣ ደሞ ወደ ኦሮምኛው ትመለሳለች፤ ሰውዬው ሲስቅ እሷ አትስቅም። በመጨረሻ «ወላሂ» ትላለች። ወላሂ ካለች አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሳንቲም አትቀንስም፣ እሱም አይከራከርም። ሌላው ነጋዴ በቀን መቶ ጊዜ ይምላል፤ የሷን ወላሂ ግን አገር ያውቀዋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ መከራዋን ያበዛው ይኸው ነው።

ሐጅ የሄደችው መንግሥት ከተለወጠ ብዙም ሳይቆይ ይመስለኛል፤ ዓመቱን አትጠይቁኝ። ብቻ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው የተመለሰችው። መንደሩ በሙሉ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ተቀበላት። ነጭ በነጭ ለብሳ ከአውቶቡሱ ስትወርድ ፊቷ ከስቷል፣ ዓይኗ ግን... ምን ልበላችሁ፣ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። ዘምዘሙን፣ ተምሩን፣ መቁጠሪያውን ለሁሉም አከፋፈለች። እንግዳው ተሸኝቶ ሁለታችን ስንቀር የሻሿን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ጥቂት የደረቁ ፍሬዎች። የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክሉ፣ ሞላላ፣ የተጨማደዱ።

«ምንድነው እቴቴ?» አልኳት።

«ከአረፋ ሜዳ ነው ሐዋዬ። ከዛፍ አልቀጠፍኩም፣ ከመሬት ነው የለቀምኩት» አለች፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አርጋ፣ «ዘይቱን ነው። በቁርኣን ስሙ የተጠራው።»

«ማን ነገረሽ?»

«አንዲት የሌላ አገር ሐጃ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ፍሬውን አንስታ ‹ዘይቱን› አለችኝ።»

አክስቴ አረብኛ ከሶላት ውጪ አንዲት ቃል አታውቅም። ሴትዮዋ «ዘይቱን ይመስላል» ትበላት፣ «ዘይቱን እንዳይመስልሽ» ትበላት ማን ያውቃል! እኔ ግን ያኔ ይህን መች አሰብኩ። እጄን ታጥቤ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ከጓሮዋ አብረን ተከልን። ከሁሉም አንዷ በቀለች።

አሁን ከሩቅ ለመጣችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ዘይቱን ማለት ያ ገበያ የሚወጣው ነው፤ ቆዳው ቢጫ፣ ውስጡ ሮዝ፣ ፍሬው ጥርስ ውስጥ የሚገባው፣ ፈረንጆቹ ጉዋቫ የሚሉት። የቁርኣኑ ግን ሌላ ነው፣ ዘይት የሚጨመቅበት የወይራ ዘመድ። ስለዚህ «ሐጃ ሩቅያ ከመካ ዘይቱን አምጥታ ተከለች» ሲባል መንደሩ የጠበቀው የሚበላ ነው። ከሁሉም ደግሞ ጎረቤታችን ሰዓዳ! ሰዓዳ ማለት ምላሷ የማያርፍ፣ ሳቋ ሦስት ቤት የሚሰማ ሴት ናት። ከአጥሩ በላይ አንገቷን ታሰግግና «ሐጃ፣ ያ ዘይቱን አልደረሰም? አፌ ምራቅ ሞላ እኮ!» ትላለች። አክስቴ «ይሄ የሚበላው አይደለም፣ የተባረከው ነው» ትላታለች። ሰዓዳም «የተባረከው አይበላም እንዴ?» ብላ ትስቃለች። አፈራ ደግሞ። አፈራና ቢጫ ሆነ፣ ሰዓዳ አንዱን አፏ ውስጥ ጣል አደረገችና... አቤት ያን ቀን የተፋችው መትፋት! ቆዳው ይጣፍጣል እንጂ ውስጡ እሬት ነው። «ሐጃ፣ በአላህ፣ ይሄንን መካ ላይ ማን ይበላዋል?» አለች አፏን እየጠረገች።

ዛፉ ግን አመለኛ አልነበረም። በየክረምቱ ይወፍራል፣ በየበጋው ሌላው ሲገረጣ እሱ ይለመልማል። ጥላው ጓሮውን ሞላው። አክስቴ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጣ የውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ ቦታ አደረገችው። ሐጅ ላይ የተለቀመ ዘር በውዱእ ውሃ ይደግ ብላ ነው። ሱብሒ፣ ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብ፣ ዒሻ፤ የፕላስቲክ ኩስኩስቷን ይዛ እዚያው ትታጠባለች። እንግዳ ሲመጣም «ከዘይቱኑ ሥር ታጠቡ» ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለመደ፤ ጁምዓ ጁምዓማ ሰልፍ ነበር። ቅጠሉንም ለሚታመም ትሰጣለች። እከክ የያዘው ቀቅሎ ይታጠብበታል፣ ትኩሳት የያዘው ይታጠንበታል። ዋጋ የሚባል ነገር በአፏ አይወጣም። ብቻ «ወላሂ ከአረፋ ሜዳ የመጣ ዘይቱን ነው» ትላለች። ያው ወላሂዋ ነው፤ ሰው ይቀበላታል።

ሰዓዳ ብዙ ዓመት ልጅ አልያዘላትም ነበር። የሳቋ ብዛት ለዚያ መሸፈኛ እንደሆነ ኋላ ነው የገባኝ። አንድ ቀን ሳትስቅ መጣች፤ ቅጠሉን ለመነችና ወሰደች። በዓመቱ ሴት ልጅ ታቀፈች። ስሟን ዘይቱና አለቻት። አክስቴ ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ያንን ወርቅማ አረንጓዴ ጨርቅ ቀድዳ ለሕፃን መጠቅለያ ሰጠች። ለሕፃን! ሙሽራ የምትሞትለትን ጨርቅ!

በመሐሉ ምን ሆነ፣ ጤና ጣቢያው ግቢና አስፋልቱ ዳር ጥላ ይሁን ተብሎ ችግኝ ተተከለ። ኒም ነው አሉ። አደገ፣ ጠለለ፣ አበበ። በየቀኑ ከሥሩ እናልፋለን። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ከሥሩ አርፌያለሁ። ግን አንዳችንም፣ እመኑኝ አንዳችንም፣ ያንን ከአክስቴ ዛፍ ጋር አላስተያየነውም። ያ የመንግሥት ዛፍ ነው፣ ይሄ የሐጅ ዛፍ ነው። ሰው የሚያየው በዓይኑ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ሞባይል ገና ሀብታም እጅ ላይ መታየት በጀመረበት ሰሞን ዛፉ ታመመ። መጀመሪያ የታች ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ። ዕድሜ ነው ብለን ዝም አልን። ቀጥሎ የቅርንጫፎቹ ጫፍ እሳት የነካው ይመስል ወደ ውስጥ እየደረቀ መጣ። ከግንዱ ሥር ሙጫ ያነባል። በዚህ መሐል፣ አንድ ጠዋት፣ ከላይ አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ አበባ ፈክቶ ተገኘ! ደማቅ፣ እንደ ጣት የረዘመ ቀይ። ዛፉ እስከዚያ ቀን የሚያብበው ያችን ነጭ ደቃቅ ነበር። ሰዓዳ እልል አለች። «እውነተኛው አበባው ወጣ! ይኸው አሁን ነው ዘይቱን የሆነው!» መንደሩ ተሰበሰበ፣ ሴቶቹ እልልታውን ተቀባበሉት፣ አክስቴ ግንባሯን መሬት አስነክታ ሱጁድ ወረደች። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን ልደብቃችሁ።

ወር ሳይሞላ ቀይ አበባ ያለበት ቅርንጫፍ ከአበባው ወዲያ ያለው ጫፉ በሙሉ ደረቀ። ሌላውም ተከተለ። ያኔ አክስቴ ከምግብ ተለየች። በየማለዳው ከሶላት በኋላ ዛፉን ዞራ ታየዋለች፣ የረገፈውን ቅጠል ትለቅማለች፣ ከዚያ ገብታ ትተኛለች። ሱቁን እኔ ነበርኩ የምከፍተው። አንድ ቀን አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ «እቴቴ፣ ምን ሆነሻል? ዛፍ አይደለም እንዴ?» ብላት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች፣

«ሐጄ ነው የሚደርቀው» አለች።

«አስታግፊሩላህ በይ!»

«ተቀብሎኝ ቢሆን ኖሮ ያደርቀው ነበር? ከዚያ ያመጣሁት ሕይወት ያለው ነገር እሱ ብቻ ነው። ተምሩ ተበላ፣ ዘምዘሙ ተጠጣ። ይሄ ከደረቀ ሐጄ ተመልሷል ማለት ነው ሐዋ። ዕድሜዬን በሙሉ ክንድ በክንድ ለክቼ ያጠራቀምኩት።»

የመስጊዳችን ሼህም መጥተው «ሩቅያ፣ የሐጅ መቀበል አላህ ዘንድ ነው፣ ጓሮ ውስጥ አይደለም» አሏት። «እሺ» አለች። አፏ ነው እሺ ያለው። በማግስቱ ተነስታ ቅጠሉን መልቀሟን አልተወችም።

እኔ እንደሆነ ዝም ብዬ የሚሞት አላይም። ችግኝ ጣቢያ የሚሠራ ከማል የሚባል ልጅ ነበር፣ ወደ ሰንበቴ ግድም ያለ ሰው ነው፤ የጨርቅ ደንበኛችን ስለሆነ ለመንኩትና መጣ። ትሑት፣ አስተማሪም ቢሆን የሚያምርበት ልጅ። አክስቴን ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ።

«አከም ጅርቱ ሐጃ፣ ፈያዳ?» አላት።

«አልሐምዱ ሊላህ፣ እኔስ ደህና ነኝ። በሽተኛው ያውልህ።»

«ስሙ ማን ነው?»

«የኔ?»

«የዛፉ።»

«ዘይቱን።»

ከማል ወደ ዛፉ ተጠጋ። ቅጠሉን ገለበጠው፣ ወደ ፀሐይ አነሳው፣ አሸቶ አሸተተው፣ እኔን አየኝ። «ሐጃ፣ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ መጀመሪያ ካርድ ያወጣል አይደል? የዛፍ ካርዱ ስሙ ነው። ስሙ ከተሳሳተ መድኃኒቱም ይሳሳታል።» አክስቴ ሞኝ አይደለችም። «አንተ ልጅ፣ ምንድነው የምታኝከው? ተናገር» አለችው። እሱ ግን አንዲት ዘለላ ቅጠል ቆርጦ መዳፏ ላይ አስቀመጠላትና «ይዘውት ይምጡ፣ ትንሽ እንሂድ» አለ።

የወሰደን ጤና ጣቢያው አጥር ጥግ ነው። ከኒሙ ሌላ ዘለላ ቆርጦ ሌላኛው መዳፏ ላይ አደረገ። አላብራራም፤ ጠቆም ጠቆም ብቻ። የገበያው ዘይቱን ቅጠሉ ብቻውን ነው፣ ሰፊ፣ ጅማቱ የሚቆጠር። ወይራ፣ ያ ኤጀርሳ የምንለው፣ እሱ ነው የቁርኣኑ ዘይቱን ዘመድ፤ ቅጠሉ ቀጭን፣ ሆዱ ብርማ፣ ጠርዙ ለስላሳ። ይሄኛው ግን በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ብዙ ሆኖ ይሰለፋል፣ እንደ ማጭድ ጎበጥ ይላል፣ ጠርዙ መጋዝ ነው። አክስቴ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ጠርዙን በጥፍሯ አስኬደችው። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን አገናኝታ፣ ጨርቅ ስትመርጥ እንደምታደርገው፣ ዘለላዎቹን አገላበጠቻቸው። ትንሽ ቆይታ ልትለያቸው ብትሞክር አቃታት።

«ሐዋ» አለች። «የትኛው ነው የኔ?»

እኔም አልለየሁም። ከአንዱ ቆንጥራ ቀመሰች፣ ከሌላው ቆንጥራ ቀመሰች። ምሬቱ ፊቷን አኮማተረው። «ሱብሃነላህ። ኒም ነዋ» አለች። ያንን ቃል ራሷ ነው ያወጣችው፤ ከማል አልነገራትም።

ስንመለስ ከማል በሽታውን አሳየን። ከግንዱ ሥር አፈሩን በእጁ ገለል አድርጎ ቅርፊቱን በቢላ ጫፍ ቢነካው ውስጡ ቡናማ፣ እርጥብ፣ የሚሸት። «ሥሩ በስብሷል። ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ የሚሆነው፣ ሙጫ የሚያነባውም ለዚህ ነው። ይሄ ዛፍ ድርቅ አይፈራም፤ የሚፈራው የቆመ ውሃ ነው» አለ። አክስቴ ጠፍጣፋውን ድንጋይ አየችው፣ ዙሪያውን ጭቃ አየችው። «በውዱእ ውሃ ዛፍ ይሞታል?» አለች፤ ድምጿ የልጅ ሆነ። «ውሃው አይደለም ሐጃ፣ ብዛቱ ነው። ያጠጡትን ሳያርፍ ነው የጠጣው» አላት። ጫፉ እየደረቀ የሚመጣው ሌላ በሽታ ነው፤ ከደረቀው ዝቅ ብሎ አረንጓዴው ላይ ይቆረጣል፣ መጋዙም በየመሐሉ በበረኪና ይታጠባል፣ አለበለዚያ በሽታውን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚያዞረው መጋዙ ራሱ ነው። አቧራ የመሰለን ቅጠሉ ጀርባ ላይ ያለው ነጭ ነገርም ተባይ ኖሯል፤ በሳሙና ውሃ ይታጠባል። ቀዩ አበባስ? ከማል ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እሱ ተቀጽላ ነው። ወፍ ፍሬውን በልታ ኩሷን ስትጥል እዚያው ይበቅልና የዛፉን ምግብ ይመጠምጣል።» እልል ያልንለት! ሱጁድ የወረድንለት! እኔ ሳቄ መጣ፣ አክስቴን አየሁና ዋጥኩት።

ስለ ሐጇ ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም። ከማል ሲሄድ ዘወር ብላ «ስንት ሰው ነው ወላሂ ብዬ የሰጠሁት?» አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ያንን የሐጅ ነጭ ልብሷን ለበሰች። ሱቅ ልንሄድ መስሎኝ ነበር። የለም፤ ቤት ለቤት ወጣች። እምቢ ብትለኝም ተከተልኳት። በየደጃፉ ትቆማለች፣ ግቢ ሲሏት አትገባም። «ያ የሰጠሁሽ ቅጠል ዘይቱን አልነበረም። ኒም ነው፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው። ወላሂ ብዬ ነበር፤ አላወቅኩም። ይቅር በይኝ፣ አውፍ በይኝ» ትላለች። አንዳንዱ «እኔ ምኔም አልተነካ፣ እከኬ ጠፍቶልኛል» ይላል። አንዳንዱ ደንግጦ እጇን ይስማል። ገበያ ውስጥማ «ሐጃ የመንግሥት ዛፍ መካ ድረስ ሄዳ አመጣች» እያለ ያላገጠባትም አልጠፋ። ሰምታለች፤ አጠገቡ ስንደርስ እሱንም አውፍ በለኝ አለችው። ወላሂ፣ እኔ እሷን ብሆን ዛፉን በሌሊት አስቆርጬ፣ ሰው ሲጠይቀኝ «ደረቀ» ብዬ እገላገል ነበር። ማን ያውቅብኛል? ከማል እንደሆነ አይናገርም። እሷ ግን ለቅጠል ያንን ሁሉ መንገድ በፀሐይ ሄደች። እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፤ አገር የሚያከብራት ሴት፣ ክብሯን በገዛ እጇ ይዛ በየደጃፉ ስታስቀምጠው።

የሰዓዳን ቤት መጨረሻ አደረገችው። የግድግዳ ጎረቤት ሆና መጨረሻ! ፈርታው ነው። ሰዓዳ ልጅቷን ፀጉር ትሠራለች። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ቃሏን ጀመረች፣ ግማሽ ላይ ተወችው። «ልጅሽን... ልጅሽን በሌለ ነገር ስም አስጠራሁብሽ ሰዓዳ። አውፍ በይኝ» አለች።

ሰዓዳ ማበጠሪያውን እንደያዘች አየቻት። ከዚያ ያ ሳቋ መጣ፤ ሆዷን ይዛ መሬት ቁጭ እስክትል። «ታዲያ አሁን ልጄን ኒም ብዬ ልጥራት?» አለች። «ኒሚት! ነይ ወዲህ ኒሚት!» ልጅቷ ግራ ገብቷት ሁላችንንም ታየናለች። ሰዓዳ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች፤ የሳቅ እንባ ይሁን የሌላ አላውቅም። «ሐጃ፣ በአላህ ይግቡ። እኔ እኮ የመካውን ዘይቱን ከየት አውቄው? እስከ ዛሬ የሚበላው ነው የመሰለኝ፣ ያውም የመረረው ዓይነት። ቅጠሉን የወሰድኩት እርስዎ ስለሰጡኝ ነው። ሌላ ሰው ቢሰጠኝ መች እወስድ ነበር?» አለቻትና እጇን ይዛ አስገባቻት።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ጓሮ አልዞረችም። ቀጥ ብላ ገብታ ምሳ አቅርቢ አለችኝ። ስንት ቀን ያልበላች ሴት ደህና አድርጋ በላች። እጇን እየታጠበች «ሐጄን ዛፍ ላይ ሰቅዬው ኖሬያለሁ» አለችኝ። «አወረድኩት። አሁን ያለው ከባለቤቱ ዘንድ ነው። ቢቀበለኝም እሱ ያውቃል፣ ባይቀበለኝም እሱ ያውቃል።»

ዛፉን ግን አልተወችውም። ከማል ያለውን ሁሉ አደረገች፤ ኒም ነው ብላ አንዲት ነገር አላጎደለች። ድንጋዩን ከአጥሩ ወዲያ አስነሳች፣ ውሃው እንዲወርድ ቦይ አስቆፈረች፣ የበሰበሰው ቅርፊት ተፋቀ፣ የደረቀው ተቆረጠ፣ ተቀጽላው ከነቅርንጫፉ ወረደ። ዛፉ ራሱን የተላጨ ሽማግሌ መሰለ። ከማል «እስከ በልግ ዝናብ ታግሰን እናያለን፤ ያኔ ካላቆጠቆጠ ግን ተስፋ የለውም» ብሎን ሄደ።

አሁን ያ ጓሮ የኔ ነው። ጤና ጣቢያው ጥግ ያ ሽታ ሲያዞረኝ በልጅ ልጆቼ ፊት ዛፍ እያየች የምትፈዝ አሮጊት ሆኜ ቀረሁ። ዘይቱና አድጋ፣ አግብታ፣ ባቲ ነው የምትኖረው፤ ስትመጣ ከዛፉ በፊት እኔን አትስመኝም። ሰዓዳ ዛሬም ከአጥሩ በላይ ትጣራለች፣ ምላሷ አላረጀም። አክስቴ ከሞተች ሰንብታለች፤ አላህ ይዘንላት። ብዙ ነገሯ ትዝ ይለኛል፤ አረማመዷ፣ ባንኮው ላይ ክርኗን ደገፍ ስትል፣ ስትቆጣ ኦሮምኛው ሲቀድማት። ከሁሉ በላይ ግን የበልጉን የመጀመሪያ ዝናብ ተከትሎ ከማል የመጣበትን ጠዋት አልረሳም።

ሱቅ ሳይከፈት ነው የመጣው። «ሐጃ፣ ኑ አብረን እንየው» አላት። እሷ መውጫዋ ላይ ነበረች። «አንተ እየው ልጄ። እኔ ከሩቅ የምትመጣ ሙሽራ ቀጥሬያለሁ፣ ብትዘገይ ሠርጓ ይስተጓጎላል» አለችው። በየማለዳው ያንን ዛፍ ስትዞር የነበረች ሴት፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው ሄደች። ከማል በቢላው ጫፍ የአንዱን ቅርንጫፍ ቆዳ ገፈፍ አደረገ። አረንጓዴ። ከሥሩ ደግሞ፣ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ቀይ ቀይ የሚል የራሱ ለጋ ቡቃያ። ጫማዬን ሳላደርግ ነው አስፋልቱን የተሻገርኩት። ሱቋ ስደርስ አክስቴ ለሙሽራዋ ጨርቅ እየለካች ነው፣ ሰው ሞልቷል።

«እቴቴ! አቆጠቆጠ! ሕይወት አለው!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና አለች። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ መጣ፣ ጎረቤት ልጅ ወለደ ሲባል እንደሚመጣው ዓይነት።

«እሰይ! አልሐምዱ ሊላህ» አለች። «ለሱ ደስ አለኝ።»

እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል እሷ ሜትሩን ካቆመችበት ቀጠለች።